ሐሙስን እሑድ ያለው ኮምፒውተር

ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ሙዓዊያ ለእህቱ የተናገረውን አባቱም ሰሙት። «ኮምፒውተሩን አባዬ ነክተውት ነዋ። ሌላ ማን ይነካዋል? ማታ እኔ ስወጣ ደህና ነበር እኮ።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን መቼም አይሰማም ለማለት ነው። በዚያ ሐሙስ ጠዋት ግን አቶ ዘይኑዲን ከልጃቸው ከካሚላ አጠገብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበርና ጆሯቸው ለአንድ ቀን ዘመድ ሆነባቸው። ካሚላ ስፒከሩን ለማጥፋት ተጣድፋ ሁለት ጊዜ ሳተችው፤ በሦስተኛው ሲሳካላት ነገሩ ከአፍ ወጥቶ አልቋል። አባቷ ሻዩን ሳይጨርሱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ኮፍያቸውን አጠለቁ፤ ጫማቸውን በራፉ ላይ ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው አሰሩ። ወዴት እንደሚሄዱ ስትጠይቃቸው «እስከ ጊዮርጊስ» አሉና ወጡ።

እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ በዚህ ቤት ይህ የመጀመሪያው ክስ አልነበረም። አቶ ዘይኑዲን ፒያሳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ባንኮኒ ተከራይተው ለአርባ አንድ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ባንኮኒው የነበረበት ሕንፃ ፈርሶ፣ መሣሪያቸውን በአንድ ካርቶን ሰብስበው እሪ በከንቱ ያለው የቀበሌ ቤታቸው ከገቡ ወዲህ ግን በቤቱ ውስጥ የሚበላሽ ነገር ሁሉ ባለቤት አገኘ። ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ሲያቆም አባዬ ናቸው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እምቢ ሲል አባዬ ባትሪውን ገልብጠውት ነው። የካውያው ገመድ የተቃጠለ ሰሞን ሰውዬው ደሴ ነበሩ፤ ሙዓዊያ ግን «ሳይሄዱ በፊት ፈታተውት ነበር» ብሎ ከደሴ ድረስ አምጥቶ ከሰሳቸው። እርግጥ ነው እጃቸው ሥራ መፍታት አይወድም፤ የቆመ ነገር ሲያዩ ጣታቸውን ይበላቸዋል። ቢሆንም ሌባ እንኳ ተይዞ ሲመጣ «ወስደሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እሳቸውን የሚከስ እንጂ የሚጠይቅ አልተገኘም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዐፊፋ ቤት ቢኖሩ ኖሮ ይህን የመሰለውን ነገር በአንድ ቃል ያበርዱት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ታናሿ ልጃቸው ተስኒም ወልዳ እሷን ሊያርሱ ደሴ ከሄዱ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ካሚላም ብትሆን ለአባቷ አልተከራከረችም። ዝም ነው ያለችው፤ ዝም ያለችውም በሆዷ «ነክተውትስ ቢሆን?» ብላ ስለጠረጠረች ነው። አባቷ ከወጡ በኋላ ይህ ነገር ከነከናት።

ለመብከንከን ግን ጊዜ አልነበራትም፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈተና አለባት። ካሚላ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአየር ትኬት እየቆረጠች ሰባት ዓመት የሠራችበት የጉዞ ወኪል ከተዘጋ ስምንት ወር ሆኖታል፤ በእነዚህ ስምንት ወራት ያላስገባችው ማመልከቻ፣ ያልወጣችው የቢሮ ደረጃ የለም። አሁን ናይሮቢ ያለ አንድ የሆቴል ማስያዣ ድርጅት ከቤታቸው ሆነው ለደንበኞች ደብዳቤ የሚመልሱ ሰዎች እፈልጋለሁ ብሎ፣ ከስንት መቶ አመልካች መካከል ለፈተና መርጧታል። ፈተናው በኢንተርኔት ነው። በስልክ አይሆንም፤ ካሜራ ያለው ኮምፒውተር፣ የተዘጋ ክፍል፣ ከተፈታኙ ሌላ ሰው በአካባቢው እንዳይታይም እንዳይሰማም ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ዘጠኝ ከአሥር ላይ ያልገባ ቀረ፤ ሌላ ቀን የለም። ሙዓዊያም ቢሆን፣ ይህን አለመናገር ግፍ ነው፣ ለእህቱ ብሎ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ በሃያ ሁለት ሺህ ብር ገዝቶ፣ ትናንት ከሥራ መልስ አያት ሰፈር ያለው ቤቱ ሳይገባ መጥቶ፣ ፎርማት አድርጎ አዲስ ሲስተም ጭኖበታል። ማስቀመጫ ሲጠፋ አባትየው ሳይጠየቁ የሰዓት መሥሪያ ጠረጴዛቸውን ግማሽ ለቀቁ። ካርቶናቸውን አልጋ ሥር ገፉት፤ ትንንሾቹን ካቻቪቶችና መቆንጠጫቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከስክሪኑ ኋላ አስቀመጡ። ማታ ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካሚላ እጇን ታጥባ ስትቀመጥ ግን ኢንተርኔቱ አልከፍትም አለ።

ሙዓዊያ ከቢሮው ሆኖ በስልክ ይመራት ጀመር። እንጀራውን የሚበላው በዚሁ ሙያ ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ሁሉ በእሱ እጅ ናቸው፤ ስለዚህም እንደ ሐኪም ነው የሚያዘው። ራውተሩን ነቅላ፣ እስከ ሠላሳ ቆጥራ ሰካችው። የዋይፋዩን ስም አጥፍታ ፓስወርዱን እንደ አዲስ አስገባች። ሴቲንግ ውስጥ ገብታ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮቹን ሁሉ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲፈልግ ፈቀደችለት፤ ቀጥላ ደግሞ መፍቀዷን ትታ ስምንትን አራት ጊዜ በእጇ ጻፈችበት። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ያዘዛትን ፊደል በፊደል ስትጽፍ ከወዲያኛው ጫፍ መልስ ይመጣል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ መጣ። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ከውጭው ዓለም ጋር ሰላምታ አለው። ገጽ ክፈት ሲባል ግን ይህ ግንኙነት አያስተማምንም፣ አልገባም እያለ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይደረድራል። በዚያው ዋይፋይ ስልኳ ምንም አልሆነም፤ ቪዲዮ ሳይቀር ይከፍታል።

በመካከሉ ሙዓዊያ አንድ ደህና ጥያቄ ጠይቆ ነበር። ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ሰዓትና ቀን እንድታይለት፣ አንዳንዴ ሰዓት ሲዛባ እንዲህ ያለ ጠባይ እንደሚያመጣ ነገራት። ካሚላ አየች። ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ሦስት ከሩብ። ቀኑንም አነበበች፤ ሦስተኛ ወር፣ ቀን አሥራ ስምንት፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት። ዛሬ ኅዳር አሥራ ስምንት ነው። «ልክ ነው» አለችው፤ «ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል፤ ቀኑም የዛሬው ነው።» ሙዓዊያም የእጁን ሰዓት አየት አድርጎ ሳይሆን አይቀርም፣ «እሺ፣ እሱ አይደለም ማለት ነው» አለና ወደ ሌላ ነገር አለፉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። አጥፍታ አበራች። የሚዘጋ ነገር ዘጋች፤ የሚከፈት ከፈተች። ሙዓዊያ በመካከሉ አለቃው እየጠራው ስልኩን ይዘጋል፤ ተመልሶ ይደውላል፤ በደወለ ቁጥር «አባዬ ምን እንደነኩ አላህ ነው የሚያውቀው» ሳይል አያልፍም። አምስት ሰዓት ተኩል ሲል ችግሩ የኔትወርክ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ነው ብሎ ፈረደ። ትክክለኛውን ድራይቨር በፍላሽ የሚሰጣት ሰው እንድትፈልግ፣ እሱም አዲስ የኔትወርክ ካርድ ገዝቶ ፈቃድ ጠይቆ እንደሚመጣ፣ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሊደርስ እንደማይችል ነገራት። ካሚላ ስልኩን ዘጋች። ስምንት ወር ሙሉ የጠበቀችው በር ተከፍቶ፣ እሷ ጫማዋን ስትፈልግ ሊዘጋ ነው።

ስድስት ኪሎ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ሐድጉ የሚባል፣ ተማሪ ሳለች ጀምሮ የምታውቀው ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው አለ። ኮፒም ያነሣል፣ የመመረቂያ ጽሑፍም ይጠርዛል፣ ኮምፒውተርም ይሠራል። በታክሲ ስትደርስ ሱቁ በተማሪ ተጨናንቆ ነበር፤ ገጹ አምስት ብር ሆነ ብለው የሚያጉረመርሙ፣ ለመምህር የሚሰጡትን ሳይጨርሱ ሊያስጠርዙ የመጡ። እዚያው ልፈተን የሚል ሐሳብ ይዛ መጥታ ነበር፤ ጫጫታውን ስትሰማ ሐሳቡ እንደያዘችው ቀረ። ሐድጉ እጁን ከማሽኑ ሳያነሳ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጣት፤ ፍላሹን ግን አልሰጣትም። መልስ ከመጣ ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ድራይቨሩም ጤነኛ ነው አላት። ከዚያ የሞቀውን ወረቀት እያደራረበ እንዲህ አለ፦ «ካሚዬ፣ እኔ ሰው ማሽን ይዞልኝ ሲመጣ መጀመሪያ ማሽኑን አላይም። ለመጨረሻ ጊዜ የነካው ማነው ብዬ ነው የምጠይቅ። ማሽን አይናገርም፤ ሰው ይናገራል።»

«ወንድሜ አባቴ ናቸው ይላል» አለችው።

«እሺ፤ አባትሽስ ምን አሉ?»

ሐድጉ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ሌላው ደንበኛ ዞረ። ካሚላ ግን እዚያ ባንኮኒ ላይ ክርኗን እንዳስደገፈች ፊቷ ጋለ። ከጠዋት ጀምሮ ራውተሩን ጠይቃለች፣ ኬብሉን ጠይቃለች፣ ጥቁሩን መስኮት ጠይቃለች፤ አጠገቧ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ የነበሩትን አባቷን አልጠየቀችም። ሐፍረቷ ከፈተናው ፍርሃት በለጠባት። ወደ ጊዮርጊስ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ስትገባ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው።

አባቷን እንደገመተችው ከዙህር ሰላት መልስ ከመነጽር ሠሪው ከአቶ ተክለሃይማኖት ጋር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁለቱ በአንድ ሕንፃ ሥር ጎን ለጎን ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ ባልንጀሮች ናቸው። አቶ ተክለሃይማኖት ሕንፃው ከፈረሰ በኋላ ቤት አልገባም ብለው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ፈቅ ብለው አንዲት ዣንጥላ ዘርግተው ፍሬምና ብሎን ይሸጣሉ። ለእንግዳ የሚሆን ሁለተኛ ዱካ አላቸው፤ ዱካው ከሞላ ጎደል የአቶ ዘይኑዲን ነው። ምሳ በልተው እንደሆነ አባቷን ብትጠይቃቸው የመለሱላት አቶ ተክለሃይማኖት ናቸው፦ እኔ ጾመኛ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ አልቀምስም፤ ይኼ ሰውዬ ደግሞ ብቻዬን አልበላም ብሎ ሃይማኖቱ ያላዘዘውን ጾም ይጾማል። አባቷ ፈገግ እንኳ አላሉም። መሬት መሬት ያያሉ።

ካሚላ ከአባቷ እግር አጠገብ ቁጢጥ አለች። «አባዬ፣ ጠዋት ሙዓዊያ ያን ሲል ዝም ማለት አልነበረብኝም። ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው። አቶ ተክለሃይማኖት ድንገት የሚወለውሉት መነጽር ተገኘላቸው። አባቷ እጃቸውን ራሷ ላይ ጣል አድርገው አነሱት፤ በቤታቸው ልማድ ይህ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ጠየቀቻቸው። ክስ አይደለም፣ ምክንያቱን ሊነግራት የሚችል ሌላ ሰው ስላጣች ነው፤ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲያዩት እንዴት ነበር?

አባቷ ቀና አሉ። የተጠየቀ ባለሙያ ፊት ነበር ያመጡት። «ሱብሒ ልሰግድ ስነሳ በርቶ አገኘሁት» አሉ። «ሰዓቱ ተዛብቷል። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን እሱ አምስት ተኩል ይላል። ቀኑም ወሩም አልገጠመም፤ ዓመቱማ በሰባት ዓመት ቀድሟል። ልጄ በተዛባ ሰዓት ፈተና ልትቀመጥ አይደለም አልኩና አስተካከልኩት። ሙዓዊያ ማታ የት ገብቶ እንደሚነካካው አይቼ ነበር። በራሱ የሚያስተካክልበት አንድ ማብሪያ አለው፤ እኔ ስመልሰው እሱ ይመለስብኛል፤ አጠፋሁት።» ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ጥፋት ካለ ይኼ ነው እንደማለት። «አንድ ነገር ብቻ ነው ያልሆነልኝ። ዛሬ ሐሙስ አይደለም? እሱ እሑድ ነው ብሎ ድርቅ አለ። የቀን ስም በእንግሊዝኛ መቼም አይጠፋኝም፤ ስንት የሰዓት ፊት ላይ አይቼዋለሁ። እሑድ ነው የሚለው። ከጠዋት ጀምሮ እሱን ነው የማስበው።»

ካሚላ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። እሑድ። ሦስተኛ ወር፣ ቀን አሥራ ስምንት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፤ በፈረንጅ ሲቆጠር ኅዳር መሆኑ ቀርቶ ከስምንት ዓመት ግድም በፊት የነበረ አንድ የመጋቢት እሑድ ነው። ኮምፒውተሩ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ እሑድ ውስጥ ተቀምጦ ነው የዋለው። እሷ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ ትኬት ስትቆርጥ የሐበሻውን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ሐበሻ ስትመልስ የኖረች ሴት ናት፤ ለመንገደኛው ሁሉ ሦስት ሰዓት ማለት ዘጠኝ ነው፣ እንዳይሳሳቱ እያለች። በቤቷ፣ በአባቷ ጠረጴዛ ላይ ግን የቤቷን ሰዓት አየችና ልክ ነው አለች። ለሐድጉ ደወለችለት። ሐድጉ ከሱቁ ጫጫታ በላይ ሳቀ፤ ሲበቃው አስረዳት። እያንዳንዱ ገጽ በሩን ሲከፍት መታወቂያ ያሳያል፤ መታወቂያው ደግሞ የተሰጠበት ቀን አለው። የእናንተው ኮምፒውተር ገና ስምንት ዓመት ቆይቶ የሚሰጥ መታወቂያ ሲያሳዩት፣ አጭበርባሪዎች ናችሁ ብሎ ሁሉንም ከደጅ እየመለሰ ነው አላት።

ይህን ለአባቷ እንዴት እንደምትነግራቸው ጨነቃት። ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል እየወረዱ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ ነገሩን ቀስ አድርጋ ነገረቻቸው። አቶ ዘይኑዲን ቆሙ። «እኔው ነኝ ማለት ነው» አሉ። ሲከሰሱ ከርመው በመጨረሻ በራሳቸው ምስክርነት የተፈረደባቸው ሰው ይመስሉ ነበር። እኔም አይቼ ልክ ነው ብያለሁ፣ ዓይኔ እያየ አለቻቸው። የሰሟት አልመሰላትም፤ ነገር ግን እርምጃቸውን አፈጠኑ። ቤት ሲደርሱ ስምንት ተኩል ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው።

ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ የነበረባት ካሚላ ናት፤ ወንበሩን ስባ የሰጠችው ግን ለአባቷ ነው። ጊዜ ለማትረፍ ብላ አይደለም፣ ራሷ ብትነካው በግማሽ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነበር። አቶ ዘይኑዲን መነጽራቸውን አደረጉና እጃቸውን ማውሱ ላይ አስቀምጠው ቆዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልክ የሆነን ሰዓት አሳስተው አያውቁም፤ ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። ካሚላ ይህን አየችና «እንግዳ ነው እኮ አባዬ። በአገሩ ሰዓት ይኑር» አለቻቸው። ይኼ ገባቸው። «እንግዳ ከሆነስ በአገሩ ይኑር» አሉና ያጠፉትን ማብሪያ መልሰው አበሩት። ቁጥሮቹ ለአፍታ ቆም አሉ፤ ከዚያ ሰዓቱም፣ ቀኑም፣ ዓመቱም በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። አባቷ ግን ሰዓቱንም ዓመቱንም አላዩትም። ጣታቸውን የቀኑ ስም ላይ አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ ተከተሉት። «ሐሙስ» አሉ፤ «ይኸው፣ ገባ።» ካሚላ የድርጅቱን ገጽ ስትከፍት አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ ተከፈተ፤ ስሟን ጠርቶ በሃያ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ፈተናው እንደሚጀምር ነገራት። ያን ጊዜ ነው ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች የታወቃት። ለሙዓዊያ ሠርቷል የሚል አጭር መልእክት ላከችና ስልኳን ዘጋች። ከአባቷ ጋር አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሰው ቆመው በሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አቶ ዘይኑዲን ወጥተው በሩን ዘጉባት፤ ዱካ ይዘውም ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ዘበኝነቱን ማንም አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው ተሾሙ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሰፋች በርበሬ መውቀጥ ሲጀምሩ ልጄ ፈተና ላይ ናት ብለው በሹክሹክታ ሲለምኗቸው፣ ወይዘሮ አሰፋችም እሰይ፣ እመቤቴ ትርዳት ብለው ሙቀጫቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ሲገቡ ካሚላ ሰማች። ከዚያ በኋላ ግቢው ጸጥ አለ። ፈተናው የፈራችውን ያህል አልነበረም። ክፍል የጠፋበት እንግዳ፣ ሻንጣዋ የዘገየባት ሴት፣ ሁለት ጊዜ ተከፍሎት ሁለቱንም አልተከፈለኝም የሚል ሆቴል፤ ይህን ዓይነቱን ሰው ሰባት ዓመት ስታባብል ኖራለች። ጣቷ ተፍታታ።

ሁለተኛው ሰዓት እንደ ጀመረ የግቢው በር ተከፈተና የሙዓዊያን እርምጃ ለየችው። መልእክቱ የደረሰው ካርዱን ገዝቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ ይሆናል። አባቷ ድምፅህን ቀንስ አሉት። እውነት ሠራ ወይ አለ፤ ሠርቷል አሉት። «ምን ሆኖ ነው?» አለ። ካሚላ እጇን ከፊደሎቹ ላይ አነሳች። አፏን እንዳትከፍት ማይክራፎኑ ይሰማል፤ ተነስታ መስኮቱን እንዳታንኳኳ ካሜራው ያያል።

«እኔ ነኝ» አሉ አባቷ። «ሱብሒ ላይ ሰዓቱን ወደኛ መለስኩት። እሱ ነው ያበላሸው።»

ካሚላ የምትሰማውን አውቃዋለች፤ «ይኸው፣ አላልኩም?» የምትለዋን ቃል ነው። አንተስ፣ ጠይቀህ ልክ ነው ስልህ እሺ ያልከው አንተ አይደለህም? ብላ መጮኽ አማራት፤ ከንፈሯን ነክሳ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ከውጭ ግን ያ ቃል አልመጣም። ከዚያ ሙዓዊያ ከራሱ ጋር እንደሚነጋገር ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ፦ «ሰዓቱን… ሰዓቱንማ ጠይቄያት ነበር። ሦስት ሰዓት ከሩብ አለችኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ የሚል ኮምፒውተር አለ እንዴ? የራሴን ሰዓት አይቼ ልክ ነው አልኳት።» ድንጋይ ስቦ ሲቀመጥ ተሰማት። «አባዬ፣ እኔ እኮ በዚህ ነው የምኖረው። ሰው ሰዓቱን አዛብቶ ሲጠራኝ የምስቅ ሰው ነኝ።» ካሚላ የሰማችውን ነገር መጀመሪያ ሳል መስሏት ነበር፤ ሙዓዊያ ለእህቱ ሲል አፉን በእጁ አፍኖ እየሳቀ ነው። ቆየት ብሎ የአባትየውም ሳቅ ተጨመረበት፤ የታፈነ፣ ወፍራም፣ ካሚላ ባንኮኒው ከተዘጋ ወዲህ ያልሰማችው ሳቅ። ሲበርድላቸው ሙዓዊያ አንድ ነገር ተናገረ፤ ድምፁ ዝቅ ስላለ የጠዋቱን ነገር ይቅር ይበሉኝ ከሚለው በቀር አልሰማችውም። አባቷ ምን እንዳሉት አታውቅም። ወደ ደብዳቤዋ ተመለሰች፤ ዓይኗ እንባ ስላቀረረ የመጀመሪያውን መስመር ሁለት ጊዜ አስተካከለችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫነች። ገጹ ትንሽ አሰበና ውጤቷን እዚያው አመጣላት፤ ከመቶ ሰማንያ ስድስት። ለሁለተኛው ዙር አልፋለች፤ ማክሰኞ ከኃላፊዋ ጋር ታወራለች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልሐምዱሊላህ አለች፤ ካሜራው ጠፍቶ ስለነበር ድምፅ አውጥታ። በቤቱ ውስጥ ለብቻዋ መቀመጥ አልቻለችም፤ ተነስታ በሩን ከፈተችው።

ሁለቱ ወንዶች ከመስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አባቷ ዱካው ላይ፣ ሙዓዊያ ጃኬቱን አንጥፎ ድንጋይ ላይ። አዲሱ ካርድ ከነካርቶኑ ሳይከፈት መሬት ላይ ተቀምጧል። ሙዓዊያ ያን ማብሪያ እንዴት እንዳገኙት እየጠየቃቸው ነበር፤ እሱ ራሱ መጀመሪያ ፈልጎ ነው ያገኘው። አቶ ዘይኑዲን በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ እየሳሉ፣ መጀመሪያ እዚህ ገባሁ፣ እዚህ ስነካው ይህ መጣ እያሉ ያስረዱታል። ሙዓዊያ ሌላ ጠየቀ። ለምን እሑድ እንዳለ ጠርጥረው ነበር ወይ? ጠርጥሬ ነበር አሉ፤ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ብቻ አልገጥም ሲል ብዙ ጊዜ ልክ የሆነው ያ ያልገጠመው ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ ኮሎኔል የሆኑ ሰው ሰዓት ይዘውልኝ መጥተው… ሙዓዊያ ወደ አባቱ ጠጋ አለ። ፈተናው እንዴት ነበር ብሎ ዞር ያለ የለም። ካሚላ ሰማንያ ስድስቷን እንደያዘች በራፉ ላይ ቆመች። ሳትጠየቅ በመቅረቷ እንዲህ ደስ ያላት ጊዜ ኖሮ አያውቅም። ጨርሻለሁ አላለችም፤ ቀስ ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠችና የኮሎኔሉን ሰዓት ታሪክ ታዳምጥ ጀመር።